ሳፋው፣ ሳሙናውና የአክስታችሁ ክንድ

ቡናው ቀርቧል። አትቸኩሉ ግን፣ ትንሽ ይብረድ። ይህን የምለው ለምላሳችሁ አዝኜ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 የቡናን ጉዳይ እንደገና አይቶ፣ 25 ዓመት ገደማ ከቆየበት የተጠርጣሪዎች መዝገብ አውጥቶታል። በዚያው ስብሰባ ግን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየሞቀ የሚጠጣ ነገር ሁሉ፣ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ተራ ውሃ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መዘገበ። ቡናው ነጻ ወጣ፣ ትኩሳቱ ተያዘ። እኛ ደግሞ ከጀበናው አፍ ተቀብለን እፍ እፍ እያልን ፉት ካላልን የጠጣን አይመስለንም። የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፍልቶ መጠጣት ለለመደ የወላይታ ሽማግሌማ ለብ ያለውን ብታቀርቡለት «ከማን የተረፈ ነው?» ሊላችሁ ይችላል።

በቡና ላይ የካንሰርን ስም ማንሳት ደስ አይልም፤ አውቃለሁ። ሰፈሩም «ያ ክፉ በሽታ» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ በስሙ አይጠራውም። ስሙም ራሱ ያስቸግራል። አማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ለሁለት ጌታ አሳድሮታል፤ የጡት ነቀርሳ ሲባል ካንሰር ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ግን ቲቢ። ቲቢው በትንፋሽ ይተላለፋል፣ በወራት መድኃኒትም ይድናል፤ ካንሰር ግን አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በትንፋሽ አይጋባም። ሁለቱን ባንድ ስም ስንጠራ ኖረን፣ የካንሰር ታማሚ ስኒ ለብቻው የሚቀመጥበት ቤት ቢኖር ምን ይገርማል?

እንበልና ሶዶ ከተማ ዳር፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በኩል የሚኖሩ አክስት አሏችሁ። (ሶዶ ዘመድ የሌላችሁ ቦዲቲ ወይም አረካ አድርጉት፤ ወላይታ ላይ አክስት አይጠፋም።) ዕድሜያቸው 52 ነው። ጡታቸው ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ተገኘ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ሆነ። ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፣ የብብታቸው ንፍፊቶች አብረው ወጡ፣ ኬሞውም በዙር በዙር ተሰጥቶ አለቀ። ምልልሱን የሄደበት ያውቀዋል። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ደግሞ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት 77 ሺህ ገደማ ሰው አዲስ ካንሰር ይገኝበታል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ በር አስቡት። ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ማዘጋጀቱ ዝም ብሎ አይደለም። መድኃኒቱ ተገኝቶ ማደሪያ የሚያጣ ሰው አለ።

አክስታችሁ ግን ይህን ሁሉ አለፉት። ሐኪሙ «እንግዲህ ራስዎን ይጠብቁ» ብሎ ሸኛቸው። የዛሬው ጨዋታዬ ከዚህች ቃል ይነሳል። ራስን መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ቤተሰቡ መልሱን ሳይጠየቅ ያውቀዋል፦ መተኛት። ለጠያቂ እንዲመች አልጋው ወደ ሳሎን ይወጣል። ብርድ ልብስ ይደረባል። ልጃቸው መጥረጊያውን፣ ምራታቸው ጀሪካኑን ትነጥቃቸዋለች። ጓሮ ወዳለው እንሰት ብቅ ካሉ «ኧረ በእግዚአብሔር!» ተብለው ይመለሳሉ። ገንፎው በቅቤ ይዋኛል። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣምና ለስላሳው፣ የታሸገው ጁስ ኮመዲኖው ላይ ይደረደራል። በሦስተኛው ወር አክስታችሁ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ሲደርሱ የሚያለከልኩ ሴት ይሆናሉ። ቤቱም «አያችሁ፣ በሽታው እንዴት እንዳደከማቸው!» ይላል። በሽታው? እኔ ግማሹን የምጠረጥረው አልጋውን ነው።

አትቆጡኝ። ፍቅር መሆኑን አጥቼው አይደለም። እኛ አገር ለታመመ ሰው መውደዳችንን የምናሳየው ሥራ ከእጁ በመቀማት ነው፤ የተቀማ ሥራ ደግሞ ጉልበቱንም ይዞ ይሄዳል።

አንድ ጥናት ላጫውታችሁ። ቻሌንጅ ይባላል፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥ ተካሂዶ ውጤቱ በ2025 ወጣ። የአንጀት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ተወግዶላቸው ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ስለ እንቅስቃሴና ስለ አመጋገብ የሚመክር ጽሑፍ ተሰጣቸው። ሌሎቹም ያው ጽሑፍ ተሰጣቸውና ሰው ተጨመረላቸው፤ ለ3 ዓመት እየጠራ፣ እየጠየቀ፣ አብሮ እያቀደ የሚያንቀሳቅሳቸው ባለሙያ። የታሰበው ጭማሪ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያህል ነው፤ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን። በ8ኛው ዓመት ሲቆጠር ጽሑፉን ብቻ ከያዙት ከ100 ሰው 83ቱ፣ ሰው ከተጨመረላቸው ደግሞ 90ዎቹ በሕይወት ነበሩ።

የአክስታችሁ የጡት ነው፣ ጥናቱ የአንጀት፤ አንዱን ለሌላው አልተካም። ከኬሞ የሚተርፈውን ድካም እንቅስቃሴ እንደሚያቀለው ግን በጡት ካንሰርም ተደጋግሞ ታይቷል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ምክሩ ለሁለቱም ወገን ያው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አብሮ የተሰጠው ሰው ነው። ወረቀትማ እኛም ጋ ሞልቷል፤ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጥፎ ጥጉ ተቀዶ ይታያል።

ሶዶ ለእግር የምትሆን ከተማ ናት። ዳሞታ ከላይ ሆኖ እያያችሁ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ፤ ልብ የሚያሠራ ዳገት በነጻ ነው። እኛ ግን ሁለት ኤሌክትሪክ ምሰሶ ለማለፍ ባጃጅ እንጠራለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ዛማሌክን ካይሮ ላይ በመለያ ምት ያሰናበተው የወላይታ ዲቻ ደጋፊዎች! ለክለባችን ሲሆን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጨፍራለን፣ ለራሳችን ጉልበት ሲሆን ሦስት እግር ያለው ነገር እንጠብቃለን። አክስታችሁ አንድ ቀን ነጠላቸውን ጣል አድርገው በእግራቸው ቢወጡ ከአጠገባቸው ጢጥ የሚል ባጃጅ አይጠፋም። ሾፌሩ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ነው። «እቴቴ፣ ይግቡ ላድርስዎት! እንዴት በእግርዎ ይሄዳሉ?» ይገባሉ እንጂ ምን ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ክንዳቸው ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ክንድ ለማውራት ነው ቡናውን ያስፈላሁት።

ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ከወራት በኋላ አክስታችሁ ቀለበታቸው አልወልቅ ይላቸዋል። ቀጥሎ የቀሚሳቸው እጅጌ በአንድ በኩል ብቻ ይጠባል። ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ንፍፊቶች ከብብት ወጥተዋልና ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ ክንዱ ውስጥ ይጠራቀማል። የብብት ንፍፊቶቻቸው ከወጡላቸው ሴቶች ከ5 አንዷ ገደማ ይህ ይገጥማታል። ያልተነገራት ሴት «ተመልሶ መጣ» ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። ሌላ አገር ቢሆን ይህን ለማስረዳት ሥዕል ይወጣ ነበር። ወላይታ ላይ ግን ማስረጃው ጎረቤት ተቀምጧል።

እግሩ ያበጠ ሰው ሳያይ ያደገ ወላይታ ያለ አይመስለኝም። በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ የጤና ሰዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው፤ ስሙን ያወጡለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው የገጣጠሙት። አይተላለፍም፣ የትንኝ ሥራም አይደለም። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር የረገጠ ገበሬ ቆዳው ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባል፤ ብናኙ የሊምፍ ቧንቧውን እያቆሰለ ይደፍነዋል፣ ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፣ እግሩ ያብጣል። ያው የአክስታችሁ ክንድ ታሪክ ነው፤ አንዱን አፈር ዘጋው፣ ሌላውን የሐኪም ቢላዋ ከፍቶ ንፍፊቱን ወሰደው፣ ሁለቱም ጋ የቀረው ያው መውጫ ያጣ ፈሳሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ይህ በሽታ እንዳለበት አስልቶ ነበር። ይህን ያህል ሰው ነው እንግዲህ እርግማን ነው፣ ኃጢአት ነው፣ የዘር ነው እየተባለ ጋብቻ የተነፈገው፣ ከማኅበር ጥግ የተቀመጠው። የዘሩ ነገር ግማሽ እውነት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከወላይታ ታማሚዎች በወሰዱት ናሙና፣ ሁለት ሰው አንድ አፈር በባዶ እግሩ ረግጦ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት የሰውነት መከላከያን ከሚመሩ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ኃጢአቱን ግን የትኛውም ማይክሮስኮፕ አላገኘውም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎ ሶዶ ላይ ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀውን ሥራ ጀመሩ። ያመጡት መድኃኒት ሳፋ ነበር። ውሃ፣ ሳሙና፣ ጠብታ በረኪና። እግሩ ይነከራል፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል፣ ፋሻ ይጠመጠማል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል፤ ማታ እግር ከፍ ተደርጎ ይተኛል። በማግስቱም እንደዚያው። በዓመቱም እንደዚያው። ዕድሜ ልክ። ያበጠ እግር የሚያስገባ ጫማ ገበያ ስለማይገኝ እዚያው ሶዶ በልክ ይሰፋ ነበር። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነው፤ ለአዲሱ ታማሚ አጠባውን ከሚያሳዩት መካከል ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ሰዎች ነበሩ። «አደርገዋለሁ፣ ግን ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው መልሱ የአስተማሪው እግር ነው።

ሳፋና ሳሙና ምን ያመጣል የምትሉ ከሆነ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ተፈትሿል። 696 ታማሚዎች ነበሩ፤ እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩትና ተራ የጠበቁት ተነጻጸሩ። ይህ በሽታ በየጊዜው እግርን አግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አስይዞ ቀናት የሚያስተኛ ግርሻ አለው። ተራ የጠበቁት በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ገደማ ሲወድቁ የሚታጠቡት 19 ጊዜ ገደማ ወደቁ። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። በእርሻ ወቅት አምስት ጊዜ ያልተኛ ገበሬ ግን ትንሽ ነው አይላችሁም።

እንግዲህ የአክስታችሁን ክንድ ወደዚህ ሳፋ አምጡት። ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊንም ቢሆን ይቀባ። እንሰት ሲፍቁ፣ ጭራሮ ሲለቅሙ ጓንት ያድርጉ፤ በእሾህ የተጫረ ትንሽ ቁስል ለዚያ ክንድ ትልቅ በር ነው። ማታ ትራስ ላይ ከፍ ይበል። የደም ግፊት ሲለኩም መርፌ ሲወጉም ሌላኛውን ክንድ ቢሰጡ ይሻላል። ክንዱ ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ «እስከ ነገ እንየው» አይባልም፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። ደግሞ አደራ፣ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት፤ ዋግምትማ ጭራሽ አይታሰብ። እብጠቱን ለማውጣት ሲባል የተበጣ ቆዳ እብጠቱን አያወጣም፣ ተህዋሲያኑን ግን ያስገባል።

እና ይህ ክንድ ዕቃ ያንሳ ወይስ አያንሳ? ድሮ ሐኪሞችም እንደ አክስታችሁ ምራት ነበሩ፤ ከሕፃን የከበደ ነገር አታንሺ፣ ሕፃንም ቢሆን አታንሺ ይሉ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በካትሪን ሽሚትዝ የተመራ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አስነሣቸው፤ ከቀላሉ ጀምሮ፣ ጥብቅ እጅጌ አድርገው፣ በአሠልጣኝ ፊት። ክንዳቸው ይብስባቸዋል ተብሎ ሲፈራ፣ ግርሻ የያዛቸው ከ100 14ቱ ብቻ ሆኑ፤ ካላነሡት ደግሞ 29ኙ።

ይህን ወደ ሶዶ ስናመጣው ክብደቱ ቤት ውስጥ አለ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሲሞላ አንድ ኪሎ ነው። ጀሪካኑ 20። ከሃይላንዱ ይጀመራል፤ ለሳምንታት። ከዚያ ሁለት ሊትሩ። ከዚያ ባለ አምስቱ ትንሿ ጀሪካን። ክንዱ ከከበደ ወይም ከተወጠረ ወደ ኋላ ይመለሳል። የአክስታችሁ ምራት ጀሪካኑን ስትነጥቅ ልክ ነበረች፣ የምትሳሳተው ሃይላንዱንም ስትነጥቅ ነው። (እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ልትተርቱ እንደሆነ አውቄያለሁ። ተርቱ፤ ለእግርና ለክንድ ጨዋታ ከዚህ የሚሻል ተረት የለም።)

ቡናው በርዷል? ጠጡ እንጂ።

ምግቡን በአጭሩ ላውራው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ ካንሰር ሲያወራ ምግብ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ግን ወላይታ ሆኖ ሥጋን አለማንሳት አይቻልም። መስከረም ላይ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲደርስ ወንዱ ዓመት ሙሉ ለበሬው ያጠራቀመውን፣ ሴቷ የቅቤ ዕቁቧን ታወጣለች፤ ሙቹዋውና ባጪራው በቅቤ ይርሳል፣ ጥሬው ከዳጣ ጋር ይቀርባል። በዚያ ቀን ለታመመ ዘመድ የመጀመሪያውን ቁራጭ ማጉረስ ክብር ነው። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን ጥሬ ሥጋ አይሆንም። ኬሞው ነጭ የደም ሴሉን ስለሚያወርደው፣ ለእናንተ ብዙ ጊዜ ከኮሶ ያለፈ ነገር የማያመጣው ቁርጥ እሱን ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል። ስለዚህ ይጠበስለት፣ በደንብ ይብሰል፣ ከዚያ ጉርሻው ይቀጥል። ክብሩ እሳት ነክቶት አይቀንስም።

ከሕክምና በኋላ ያለው ልክ ሌላ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ለሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ ይበቃዋል ይላል። በአንድ መቀመጫ ግማሽ ኪሎ የሚያዝ ሰው የሳምንቱን ድርሻ አብዛኛውን ዳጣው ሳያልቅ ጨረሰ ማለት ነው። የከሳ፣ መብላት ያቃተው ታማሚ ግን ይህን ሰምቶ ከሥጋ እንዳይሸሽ፤ የሱ ችግር ማነስ ነው እንጂ መብዛት አይደለም። አፉ የቆሰለበት ሰው ደግሞ በወተት የተሠራ ቀጭን የቡላ አጥሚት ሳያቃጥለው ይወርድለታል። ቡላና ቆጮ ሆድ ይሞላሉ፣ ገንቢነታቸው ግን አነስተኛ ነው፤ እንቁላል፣ ቦሎቄ፣ የዓባያ ዓሣ ካልታከለበት የወረደ ጡንቻ አይመለስም። ከጓሮ የሚቀነጠሰው ሽፈራው፣ ሐሌኮ የምንለው፣ ጥሩ ጎመን ነው። ጎመን ነው ግን። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ «ለካንሰር» የሚል ወረቀት ሲለጠፍበት ዋጋው እንጂ ሥራው አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አንዲት ትንሽ ክኒን ናት። የጡት ካንሰሩ ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል መድኃኒት በየቀኑ፣ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ10 ዓመት ይታዘዛል። የአምስት ዓመቱ ብቻ ከ1,800 ክኒን በላይ ነው። አክስታችሁን ምንም አያማቸውም፤ ያልታመመ ሰው ደግሞ ክኒን ይረሳል። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ የተከታተለ ጥናት ነበር፤ አንድ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ይወስዳል፣ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ 254። አንድ ቀን ቢረሳም ነገሩ አይፈርስም። ደግሞም አዲሱ ነገር ከነበረ ነገር ጋር ሲታሰር ቶሎ ይይዛል። እኛ ቤት የማይረሳው ምንድን ነው? ጥያቄ ነው ይሄ? ክኒኑ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ከስኒው በፊት እሱን ታቅርብ። ቡና የሚረሳበት ቀን ሲመጣ ያኔ ሌላ እናስባለን።

«ጸልየውልኛል፣ ክኒኑን ትቻለሁ» የሚሉም አሉ። በሰው እምነት ውስጥ ገብቼ አልፈተፍትም። ሶዶ ላይ ግን ወንጌሉና መርፌው አንድ ላይ ነው የመጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ የወረዱትን የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሰዎች የመሩት ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበሩ። ዛሬም ሰው ኦቶና እያለ የሚጠራው ሆስፒታል ስሙን ይዞ የቀረው ከዚያው ከሚስዮኑ ግቢ ነው። ጸሎቱና ክኒኑ ያን ጊዜ ካልተጣሉ ዛሬ ማን አጣላቸው?

የአክስታችሁን ነገር ሳልጨርስ ቡናው አለቀ። እንዲህ እንበል። ከታች ያሉ አንዲት ጎረቤት አሉ፤ እግራቸውን ከ20 ዓመት በላይ በሳፋ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ጫማቸው በልክ የተሰፋ። አንድ ጠዋት መጥተው ሳሎን ያለውን አልጋ ያያሉ፣ ክንዱንም ያያሉ። ምክር አይሰጡም። «ሳፋ አለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ከቡና በኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ እያረፉ፣ ኋላ አንድ ጊዜ። አክስታችሁ ሃይላንዷን ባበጠው እጃቸው ይዘዋል።

ባጃጁ ጢጥ ይላል። «እቴቴ! ይግቡ እንጂ፣ ላድርሳችሁ!»

አክስታችሁ ቆም ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብም ጭምር ነው።

«ለኛ ልታቃጥለው ባሰብከው ቤንዚን ካልሲ ገዝተህ ና። ሁለት ጥንድ። አንዱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ የሷ ነው።»